የመደነቅ ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ስንዱ አበጋዝ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ድምፅ ዛሬ የምትደነቅበት ቀን መሆኑን በትሕትና አስታወሳት።

«እንደምን አደሩ ወይዘሪት ስንዱ። ዛሬ ከተማችንን እንደ ልብዎ ይዞራሉ። ከቁርስ በኋላ አንድ ያልጠበቁት ነገር ስለሚያጋጥምዎ፣ እባክዎ እንዳይዘገዩ።»

አጃቢ ይሉታል። አማርኛው እንከን የለውም፤ የሐዘን መግለጫ የሚያነብ የድሮ ጋዜጠኛ ይመስላል። ስንዱ ፊቷን ታጥባ ቀና ስትል ዝንቧ ከመስታወቱ ጥግ ተነሥታ አፍንጫዋ ፊት ለፊት ቆመች። ዝንብ ብለው የሚጠሯት ተማሪዎቹ ናቸው። ጥፍር የምታህል ካሜራ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቷ ፊት ሳትለይ በክንድ ርቀት ስትንሳፈፍ ትውላለች። አገር ቤት የለመደ እጅ እሽ ሊላት ይነሣል። እሽ ማለት ያስቀጣል።

ኖርቬል ሀብታም ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ሁሉን አይተው፣ ሁሉን ቀምሰው፣ የፈለጉት ነገር ሁሉ በጣት ንክኪ ደጃቸው ድረስ እየመጣላቸው ኖረው፣ አንድ ቀን ዞር ብለው ቢፈትሹ ልባቸው ውስጥ የሚነቃነቅ ነገር አጡ። መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው ሲደነቅ የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎችን እያዩ ተጽናኑ። እየቆየ ቪዲዮው ሁሉ የተደጋገመ ሆነባቸውና ትኩስ መደነቅ አማራቸው። ትኩሱ ደግሞ የሚገኘው ከውጭ ነው። ስለዚህ የከተማዋ ምክር ቤት ዩኒቨርሲቲውን ለውጭ አገር ተማሪዎች በነፃ ከፈተ። ትምህርቱ ነፃ፣ ማደሪያው ነፃ፣ ሕክምናው ነፃ። ተማሪው በምላሹ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከተማዋን ይዞራል፣ ያያል፣ ይገረማል፤ ዝንቧ ፊቱን ቀድታ በየሳሎኑ ሶፋ ላይ ለተዘረጋው ሕዝብ ታደርሳለች። ሥራውን የሚመራው የእንግዶች ስሜት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ሠራተኞቹ በሙሉ የከተማዋ ተወላጆች ስለሆኑ ስለ ስሜት ሲያወሩ ስለማያውቁት ዘመድ የሚያወሩ ይመስላሉ።

የስንዱ አምባር ቀይ ነበር። አምባሩ የተማሪውን መደነቅ እየለካ ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ የእሷ ግን ከመጣች ጀምሮ ከቀይ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ በደግነት፣ አንድ ጊዜ ያለ ደግነት አስጠንቅቀዋታል። ዛሬ እስከ ምሽት አረንጓዴ ካላሳየች ቦታዋ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ተማሪ ይሰጣል፤ እሷም የሁለተኛ ዓመት የውሃ ምህንድስናዋን ጥላ ወደ ኮምቦልቻ ትመለሳለች። እናቷም ይህን ያውቃሉ። ጎረቤቱም ከእናቷ ሰምቶ ያውቃል።

ስንዱ የድንጋይ ልብ ስላላት አይደለም። ጥፋቱ የእናቷ የወይዘሮ እቴነሽ ነው። ስንዱ በአምስት ዓመቷ ደሴ ከተማ ውስጥ ትልቅ ክሬን አይታ አፏን ስትከፍት፣ እናቷ ጭኗን ቆንጥረው፦ «አፍሽን ግጠሚ! አይታ የማታውቅ ይሉሻል» ብለዋታል። ሰው ቤት ስትሄድ ዕቃ ዕቃ አታይም። ምግብ ሲቀርብ ወደ ሳህኑ አታፈጥም። ስጦታ ሲሰጧት «ምን አስቸገራችሁ» ብላ ወደ ጎን ታስቀምጣለች እንጂ እዚያው ከፍታ አትፈነድቅም። ጨዋ ልጅ ማለት ውስጧ ቢጨፍር እንኳ ፊቷ ቁጭ ብሎ እንግዳ የሚቀበል ልጅ ናት። ወይዘሮ እቴነሽ ይህን ሁሉ በቁንጥጫም በምክርም ሲያስተምሩ፣ ልጃቸውን ከዩኒቨርሲቲ እያስባረሩ መሆናቸውን በምን ይወቁት?

ማደሪያው በር ላይ ኩራባቸው ይጠብቃት ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ በኖርቬል ሳሎን ሁሉ በመገረም ስሙ የገነነ። አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት፣ ልጃቸው አሳንሰር በተከፈተ ቁጥር እጁን በአፉ ላይ ጭኖ እንደሚማር አልጠረጠሩም።

«ስንድዬ፣ አሁንም ቀይ ነሽ እንዴ?»

«ቀይ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ በቁሜ ልትጨርሺኝ ነው! ምን ይከብዳል? አፍን ከፈት፣ ቅንድብን ወደ ላይ፣ ከዚያ ‹ኧረ በስመ አብ!› ነው። አለቀ።»

«አንተስ ሁልጊዜ ማስመሰሉ አይሰለችህም?»

«ማን አስመሰለ?» አለ ኩራባቸው ከልቡ ተቀይሞ።

እውነቱን ነው። ዝንቧ ማስመሰልን ታውቃለች፤ የአፍ መከፈትን ከልብ ምት ጋር አስተያይታ ውሸቱን ትጥላለች። ኩራባቸው ግን ተፈጥሮው ነው። ያንኑ ሕንፃ መቶ ጊዜ ቢያየው መቶ ጊዜ ይደነግጥለታል። አምባሩ ከአረንጓዴም አልፎ ብርሃን ይረጫል። ስንዱ አንዳንዴ ትቀናበታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ አብራው በመታየቷ ታፍራለች።

የጠዋቱ ያልተጠበቀ ነገር በትክክል በተያዘለት ሰዓት ተገኘ። አጃቢ ወደ ግራ አስታጠፋቸው፣ ወደ ቀኝ አስታጠፋቸው፣ ከዚያ «አሁን በድንገት ቀና ይበሉ» አለ። በሁለት ሕንፃዎች መካከል ፏፏቴ ነበር፤ ውሃው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ይወርዳል፣ መውረድ ከተባለ። ከታች ተነሥቶ እያጓራ ሽቅብ ይምዘገዘግና ደመና ውስጥ ይጠፋል።

ኩራባቸው «ወይኔ እናቴ! ወይኔ! ኧረ ውሃው! ኧረ ተመልከቺው ስንዱ!» እያለ መንገዱ ላይ ተንበረከከ። ፏፏቴውን ሲያየው ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ እሱም አያውቀውም።

ስንዱ አየችው። ያምራል። እውነቱን ለመናገር ጡቷ ሥር የሆነ ነገር ትንሽ ላወስ ብሏል። ወዲያው ግን ያ የጭን ቁንጥጫ ትዝ አላትና ፊቷ በራሱ ጊዜ ተሰበሰበ።

«ፓምፑ የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

«ይህ ጥያቄ ከመደነቅ አይቆጠርም» አለ አጃቢ።

እንግዲህ ከተባረርኩ አይቀር ልሞክር ብላ አፏን ከፈተች። ቅንድቧን ሰቀለች። ኩራባቸው ከመሬት ሆኖ «ጨምሪ! ጨምሪ!» ይላታል። ጨመረች።

«ወይዘሪት ስንዱ» አለ አጃቢ በአሳቢነት፣ «ጥርስዎን አሞዎታል? ሐኪም ልጥራልዎ?»

ሁለተኛው ግኝት ምሳ ነበር። አየር ላይ እየተንሳፈፈ የሚዞር ምግብ ቤት ውስጥ አስቀመጧቸውና አንዲት አስተናጋጅ፣ በተጎረሰ ቁጥር ቀለሙንም ጣዕሙንም የሚለውጥ ምግብ ይዛ መጣች። ስንዱ ቁርስ አልበላችም፤ አንጀቷ ይጮኻል። እናም እንደማንኛውም ጨዋ ቤት ያደገ ሰው «ኧረ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ተቀምጣ እስኪለምኗት ጠበቀች። ሁለተኛ ሲሏት «እውነቴን ነው» ትላለች፤ ሦስተኛ ሲሏት ደግሞ እየተግደረደረች ትጀምራለች። ኖርቬል ውስጥ ግን አንድ ጊዜ የተባለ ነገር አንድ ጊዜ ተብሏል። አስተናጋጇ ምግቡን አንሥታ ሄደች። ስንዱ ሳህኑ እስኪሰወር በዓይኗ ሸኘችው። አጠገቧ ኩራባቸው በእያንዳንዱ ጉርሻ እንባው እየመጣ ጠርጎ በላ። አንዲት ጉርሻ ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋም፣ የአንዱን ተማሪ ግኝት ለሌላው ማሳለፍ ክልክል መሆኑን አጃቢ በትሕትና ገለጸ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ድልድዩ ሄዱ። ይህ የከተማዋ ኩራት ነው። ሰው ሲራመድ ከፊቱ እየተሠራ፣ ከኋላው እየፈረሰ የሚሄድ ድልድይ ነው። ሰውየው ባዶ አየር ላይ እግሩን ሲያነሣ ከሥሩ መርገጫ ይፈጠራል፤ ዞር ብሎ ሲያይ የመጣበት መንገድ የለም። የዓለም ተማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚጮኸው። ኩራባቸው ገና ከሩቁ ሲያየው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከመካከል ሲደርስ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወሰዱት። ይህም በየሳምንቱ የሚያደርገው ነው።

ስንዱ ብቻዋን ተሻገረች። እርግጥ ነው ድልድዩ ይገርማል። ነገር ግን እሷ ያደገችው መንገዱ በተሠራ ማግስት በሚፈርስበት፣ የፈረሰው ሳይጠገን ሌላው በሚቆፈርበት ሰፈር ነው። ከኋላ መንገድ ሲጠፋ አዲስ ነገር ሆኖ አይታያትም።

ማዶ ላይ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ማርግሬት ይባላሉ፤ ሳሎን ውስጥ የሚያዩት መደነቅ አልበቃ ብሏቸው በአካል ለማየት የመጡ ናቸው። የሚናገሩትን አጃቢ ይተረጉማል።

«ልጄ፣ ድልድያችን እንዴት ነው?»

ስንዱ ማጋነን አማራት፤ ግን ረሃቡም ድካሙም ተደራርቦባታል።

«እማማ፣ ድልድይ ነው። ያሻግራል።»

አሮጊቷ ወደፊት ሰገግ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ድልድይ ሲመላለሱ ኖረዋል። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ያለቅሳል፤ እሳቸው ግን ምንም አይሰማቸውም ነበርና ሕመሙ የራሳቸው ብቻ እየመሰላቸው ሰውም ሳያዋዩ ኖረዋል።

«አንቺም ምንም አልተሰማሽም?» አሏት በሹክሹክታ።

«ምንም» አለች ስንዱ። ውሸቷን ነው፤ ግን ለትልቅ ሰው የልብን ዘርግፎ ማውራት አልለመደባትም። ጎንበስ ብላ ከጉልበታቸው የተንሸራተተውን ሻል አስተካከለችላቸውና መንገዷን ቀጠለች። ወይዘሮ ማርግሬት አንገታቸውን አዙረው እስክትርቅ ተመለከቷት። ከዚያም ዝንቧ የቀዳችውን የስንዱን ፊት ለሚያውቁት ሰው ሁሉ ላኩ።

ሲመሻሽ አጃቢ ወደ እንግዶች ስሜት ጽሕፈት ቤት መጠራቷን ነገራት። አምባሯን አየችው፤ ቀይ ነው። መንገዱን ሙሉ ለእናቷ የምትለውን ስታሰላስል ነበር። ታምሜ ነው ብትል ከጸበል ጸበል ያስዞሯታል። ትምህርቱ ከበደኝ ብትል ጎረቤት ይስቅባቸዋል። አልደነቅ ብዬ ነው ብትል ማን ያምናታል? እናቷ ለአውሮፕላን ቲኬቷ ወርቃቸውን የሸጡት፣ ወንድሟ ደምሴ የጭነት መኪና መሪ ላይ እንቅልፍ ያጣው እሷ ተምራ የኮምቦልቻን ውሃ እንድታጣራ ነው። እንባዋን ወደ ውስጥ መለሰችው። ወደ ውስጥ መመለስ ታውቅበታለች።

ኃላፊዋ ሲግሪድ የምትባል ሴት ናት። ፈገግታዋ ጠዋት ለብሳው ማታ የምታወልቀው ዓይነት ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። «ሕዝቡ ወዶሻል።»

«ማንን?»

«አንቺን። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙሉ አንቺን እያየ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚደነቁ እንግዶች ስናሳያቸው ኖርን፤ ለካ እያሳዘንናቸው ነው። እንደነሱ ምንም የማይሰማው ሰው ሲያዩ ግን ቀለላቸው። የማትደነቀው ልጅ ይሉሻል።»

ውሉ አጭር ነበር። ስንዱ እስክትመረቅ ድረስ ትማራለች፤ በምላሹ በምንም ነገር አትደነቅም፤ አምባሯም ከእንግዲህ አለመደነቋን ይለካል። ቅንድብ ማንሣት የለም። ፈገግታ የለም። እንባ የለም። ዝንቧ ከእንግዲህ ቅዳሜን ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ አብራት ትሆናለች። ፊቷ አንድ ጊዜ ከተፈታ ቦታዋ በዚያው ቅጽበት ለሌላ ይሰጣል።

«ይከብድሻል?» አለቻት ሲግሪድ።

ስንዱ በሆዷ ልትስቅ ደረሰች። ይህማ ያደገችበት ነው። ዘመዶቿ በነፃ ያስተማሯትን ነገር እዚህ ዋጋ ሊከፍሉበት ነው። አውራ ጣቷን ውሉ ላይ አሳረፈች፣ አምባሩም አረንጓዴ ሆነ። ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«ለቤተሰብዎ የምሥራቹን ልከናል» አለ አጃቢ።

ኮሪደሩ ላይ ገና አሥር እርምጃ ሳትሄድ ግድግዳው በራና ኮምቦልቻ ያለው የእናቷ ሳሎን ሰው በሰው ሆኖ ብቅ አለ። ወይዘሮ እቴነሽ ከፊት፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይመርና ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላ። እልልታው ኮሪደሩን ሞላው።

«ስንድዬ! የኔ ዓለም! አላባረሩሽም አሉኝ! እሰይ! እሰይ ልጄ! እልልልል በሉ እንጂ!»

«አዎ እማዬ። አላባረሩኝም» አለች ስንዱ። ዝንቧ አፍንጫዋ ሥር ቆማለች።

ወይዘሮ እቴነሽ እየሳቁ ጠበቁ። የልጃቸው ፊት ግን አልፈካላቸውም።

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽ?»

«ምንም አልሆንኩ እማዬ። ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው።»

እልልታው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ወይዘሮ እቴነሽ ይህን ፊት ያውቁታል። ባላቸው አበጋዝ ከቤት ርቀው የሞቱ ጊዜ፣ ዘመዶች መርዶውን ይዘው መጥተው ሁለት ቀን ሙሉ በዚሁ ፊት ተቀምጠው ስለ ዝናብ አውርተዋል። እሳቸው ደጋግመው ሲጠይቁም መልሱ አንድ ነበር፤ «ሁሉም ደህና ነው» ነው የተባሉት።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ማንም አልሞተም።»

«ደምሴ ነው? መኪናው ተገለበጠ? ላንቺ ነግረው ከእኔ ደበቁኝ? ስንዱ፣ በወለድኩሽ፣ ንገሪኝ!»

«እማዬ ስሚኝ፣ ማንም አልሞተም።»

ይህን ያለችው ዓይኗ ሳይርገበገብ፣ ድምፅዋ ሳይነቃነቅ ነው። ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዷ ጎረቤት ሳትጠየቅ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ሌላዋም ተከተለቻት። ወይዘሮ እቴነሽ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። አጃቢ በስንዱ ጆሮ ውስጥ «ይበርቱ። ተመልካቾችዎ እየበዙ ነው፤ ከተማው በሙሉ ተረጋግቶ እያየዎት ነው» አላት።

ስንዱ አምባሯን አየች፣ እናቷን አየች። አንዲት ፈገግታ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የእናቷ እጅ ደረታቸው ላይ ሲያርፍ የራሷን ደረት የመታት ያህል ተሰማት። በቃ አለች በልቧ፤ ይቅር፣ ትምህርቱም ይቅር።

ፈገግ አለች። ፈገግታው ሳቅ ሆነ፣ ሳቁ እንባ ሆነ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የዋጠችው ሁሉ ፊቷ ላይ ወጣ። «እማዬ እይኝ! እየሳቅኩ ነው! ደምሴ ደህና ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን!»

ወይዘሮ እቴነሽ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የልጃቸውን ፊት ትኩር ብለው አዩት። ይህች ልጅ ሰው ፊት ስትስቅ አይተዋት አያውቁም።

«አያችሁልኝ!» አሉ ወደ ጎረቤቱ ዞረው። «እያለቀሰች እየሳቀች ልትሸነግለኝ! ወይኔ ደምሴ! ወይኔ ልጄን!»

ሳሎኑ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አምባሩ ቀላ።

«ወይዘሪት ስንዱ፣ ፈገግታዎ ተመዝግቧል» አለ አጃቢ። «የመመለሻ በረራዎ ለነገ ጠዋት ተይዟል። በድንገት እንደሚመጡም ለቤተሰብዎ አሁን አሳውቀናል።»

ግድግዳው ላይ ጋሽ ይመር ስልካቸው ላይ የመጣውን መልእክት አነበቡ። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ነገ ከባሕር ማዶ ትገባለች። ጋሽ ይመር ለሁለት ጎረምሶች በዓይናቸው ምልክት ሰጥተው፣ የእድሩን ድንኳን ሊያስመጡ ወጡ።